ጨረቃ ላይ ያልነበረው ሦስተኛ ሰው

ፎቶ ቤት የሚሠራ ሰው ከሟች ፊት ጋር መዋል ይለምዳል። ጉርድ ፎቶ ይመጣልሃል። ጥጉ የተበላ፣ መሀሉ ላይ የታጠፈ፣ አንዳንዴም የቀበሌ ማህተም ግንባሩ ላይ ያረፈበት። «አሳድግልን፣ ለሙት ዓመቱ ነው» ይሉሃል። ማህተሙን ታጠፋለህ። ኮት ያልነበረውን ኮት ታለብሳለህ። ከጀርባው ያለውን የቆሸሸ ግድግዳ ሰማያዊ ታደርገዋለህ። ቤተሰቡ አይቶ ያለቅሳል፣ ይመርቅሃል፣ ይከፍልሃል። ይሄን ማንም ውሸት ብሎ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ግን አንዲት እናት ሁለት ፎቶ ይዘው መጡ። አንደኛው የልጃቸው ምርቃት ነው። ልጁ ጥቁር ጋወን ለብሷል፤ እሳቸው በሀበሻ ቀሚስ በግራው ቆመዋል፤ በቀኙ በኩል ሰው የለም። ሁለተኛው የባለቤታቸው ጉርድ ፎቶ ነው። ሰውዬው ያረፉት ልጁ ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ነው። «አባቱን በቀኙ አቁምልኝ» አሉኝ።

ሠራሁት። ከሌላ ፎቶ ትከሻና ኮት አመጣሁ፣ የፊታቸውን ብርሃን ከልጁ ፊት ጋር አመሳሰልኩ፣ ሣሩ ላይ ጥላ ጣልኩላቸው። ከሠራኋቸው ሁሉ ጥሩ ከምላቸው አንዱ ነው። እናትየዋ ብዙ ዝም ብለው አዩትና፣ «እንግዲህ የምርቃቱን ቀን ከስሩ ጻፍልኝ፣ የኔ ልጅ» አሉ።

እዚህ ላይ ያዝ አደረገኝ። ሟችን አስነስቼ ሣር ላይ ሳቆም ምንም ያልመሰለኝ ሰውዬ፣ ቀን መጻፍ ከበደኝ። ጻፍኩት ግን። እሳቸው ሲወጡ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ፣ «በዚያ ቀን እኮ አባትየው አልነበሩም» አለ።

«ታዲያ ፎቶውስ ላይ ነበሩ እንዴ?» አልኩት።

«እሱማ ፎቶ ነው። ቀን ግን ቀን ነው» አለኝ።

ለቀልድ ያለው መሰለኝ። ግን ከዚያ በኋላ ነገሩ አልለቅህ አለኝ። ሥራ በያዝኩ ቁጥር፣ የሰው ትከሻ ላይ የሌላ ሰው እጅ ባሳረፍኩ ቁጥር ይመጣብኛል።

## መጀመሪያ ያየሁት ጥላውን ነው

በዚያ ሰሞን ስልኬ ላይ አንድ ሥዕል አጋጠመኝ። ሦስት ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ አብረው ቆመዋል፤ ጓደኛሞች ለማስታወሻ ፎቶ ሲነሱ እንደሚቆሙት። የሙያ ልማድ ሆኖብኝ ጥላውን መረመርኩ። የሚነቀፍ አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ ነው ቁጥሩ የገባኝ።

ጨረቃ ላይ ሦስት ሰው አብሮ ቆሞ አያውቅም። አሜሪካኖች ወደ ጨረቃ ባደረጓቸው የአፖሎ ጉዞዎች ከሦስቱ ሁለቱ ይወርዳሉ፣ ሦስተኛው እናት መንኮራኩሯን ይዞ ጨረቃን እየዞረ ይጠብቃቸዋል። ስድስት ጊዜ ተወርዷል፣ 12 ሰው ረግጧታል፣ ሁሉም ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ላይ ካሉት አንዱ በዚያ ቦታ ሊኖር አይችልም።

ሠዓሊው ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ተገኘ። አለን ቢን ይባላል። በ1969 በአፖሎ 12 ሄዶ ጨረቃን የረገጠ አራተኛው ሰው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል። ሦስተኛው የቢን አለቃ ፒት ኮንራድ ነው። አራተኛውን ማንም አይጠይቅም፤ የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ እንኳ አይመጣም።

ቢን በ1932 ቴክሳስ ውስጥ ዊለር በምትባል ከተማ ተወለደ። ኢንጂነሪንግ ተማረ፣ የባህር ኃይል አብራሪ ሆነ፣ ከዚያም አዳዲስ አውሮፕላን የሚሞክር አብራሪ። ኮንራድን ያወቀው እዚያ ነው፤ አስተማሪው ነበር። በዚያው ሰሞን ቀን አውሮፕላን እየሞከረ ማታ የሥዕል ትምህርት ይወስድ ነበር። በ1963 ናሳ ተቀበለው።

የሕይወት ታሪኩን እዚህ ሁሉ አልዘረዝርም፤ ፈልጎ ማግኘት ቀላል ነው። እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው። ሰውዬው ከእኔ ጋር አንድ ሥራ ሠርቷል። በቦታው ያልነበረን ሰው በቦታው አቁሟል። ያውም ይሄን ያደረገው ያየውን ነገር ሳይጨምር ሳይቀንስ ሪፖርት ለማድረግ ሲሰለጥን የኖረ ሰው ነው።

## ምስል ያልቀናው ጉዞ

ቢን ራሱ ወደ አፖሎ 12 የገባው በሰው ቦታ ነው። ለረጅም ጊዜ ወረፋ አልደረሰውም ነበር። ከኮንራድና ከሪቻርድ ጎርደን ጋር ሦስተኛ ሆኖ የተመደበው ክሊፍተን ዊሊያምስ የሚባል አብራሪ ነበር። ዊሊያምስ ኦክቶበር 1967 ፍሎሪዳ ውስጥ በሚያበረው ቲ-38 ጄት ተከስክሶ ሞተ። ቦታው ለቢን ተሰጠ። የአፖሎ 12 አርማ ላይ ሦስት ሳይሆን አራት ኮከብ ያለው ለዚህ ነው። አራተኛው የዊሊያምስ ነው። ቢን የዊሊያምስን የአብራሪነት ክንፍ ምልክት ይዞ ሄዶ ጨረቃ ላይ ትቶታል።

እንግዲህ የሌለን ሰው እንዳለ መቁጠር ለዚህ ቡድን አዲስ ነገር አልነበረም።

ኖቬምበር 14 ቀን 1969 በዝናብ ተነሱ። ከምድር በለቀቁ በ36ኛው ሰከንድ ገደማ ሮኬቱን መብረቅ መታው። በ52ኛው ሰከንድ ደግሞ ድጋሚ። የመንኮራኩሯ ኤሌክትሪክ ተምታታ፣ ሂዩስተን ያለው የቁጥጥር ማዕከል የሚደርሰው ቁጥር ሁሉ ትርጉም አጣ። ጆን አሮን የተባለ ወጣት የቁጥጥር ማዕከል መሐንዲስ አንዲት ማዞሪያ ወደ ሌላ ቦታ እንድትዞር ነገራቸው። ኮንራድ ምን እንደሆነች እንኳ አላወቃትም። ቢን ግን አወቃት፤ በእሱ በኩል ነበረች። አዞራት፣ ቁጥሩ ተመለሰ፣ ጉዞው ቀጠለ።

ይሄን ያነሳሁት ጀግንነቱን ለማውራት አይደለም። በመቶዎች ከሚቆጠሩ ማዞሪያዎች መሀል አንዷን የማይረሳ ሰው መሆኑን እንድታዩልኝ ነው። ይሄን የመሰለ ሰው ነው ካሜራ የከዳው።

በዚህ ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለ ቀለም የቴሌቪዥን ካሜራ ጨረቃ ላይ ወርዷል። የአፖሎ 11 ጥቁርና ነጭ ነበር። ገና እንደወረዱ ቢን ካሜራውን ወደ ማቆሚያው ሲያዛውር ሌንሱ ፀሐይ አየ። ውስጡ ተቃጠለ። ቢን በመዶሻ መታ መታ አደረገው፤ እኛ ሰፈር ቴሌቪዥን እምቢ ሲል እንደሚደረገው። አልተነሳም። ምድር ላይ ያሉ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ድምፅ ብቻ ቀራቸው። ከመሀላቸው አሻንጉሊት እያንቀሳቀሰ ጨረቃ ላይ የሚሆነውን ያስመሰለ ጣቢያ ነበር። ይሄን ሳነብ ስለ ሥራዬ ትንሽ ቀለል አለኝ። ምስል ሲጠፋ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ የሆነ ነገር ይሞላበታል።

በዚህም አላበቃም። ወደ ምድር ሲመለሱ ቢን ያነሷቸውን የተወሰኑ ፊልሞች ጨረቃ ላይ ረስቷቸው መጥቷል። እስካሁን እዚያው ናቸው። ፊልም ያጠበ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

## ታይመሯ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደጋግሜ የማስበው ይሄንን ነው።

አፖሎ 11 ካሰበበት ቦታ ራቅ ብሎ ነበር ያረፈው። አፖሎ 12 የተሰጠው ፈተና ልክ በተባለው ቦታ ማረፍ ነው። ምልክቱ ሰርቬየር 3 ነበር፤ በአፕሪል 1967 የማዕበሎች ውቅያኖስ በሚባለው ሜዳ ላይ ያረፈ ሰው አልባ መሣሪያ። ኮንራድ መንኮራኩሯን ከእሱ 160 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ አሳረፋት። ከምድር ወደ 400 ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዘህ አንድ የቆመ ዕቃ አጠገብ ማረፍ ማለት ነው። በእግር የሚደረስበት።

የያዙት ካሜራ ሃሰልብላድ ነው። ደረታቸው ላይ ይታሰራል። ዓይን የሚደቀንበት ማያ የለውም፤ ደረትህን ወደምትፈልገው ነገር አዙረህ ትጫናለህ። ካሜራውን የያዘው ሰው ታዲያ ምንጊዜም ከፎቶው ይቀራል። አፖሎ 11 ላይም የሆነው ይሄው ነው። የምናውቃቸው ምርጥ የጨረቃ ፎቶዎች ላይ ያለው ባዝ አልድሪን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ካሜራውን የያዘው አርምስትሮንግ ስለነበር። ጨረቃን መጀመሪያ የረገጠው ሰው እዚያ ቆሞ የተነሳው ደህና ፎቶ የለም ማለት ይቻላል። ፎቶ አንሺ ይሄን ሲሰማ አይገርመውም። አልበሙ ውስጥ የሌለው ሁሌም እሱ ነው።

ኮንራድና ቢን ይሄን አስበውበታል። የካሜራ ታይመር ገዝተው፣ ለናሳ ሳይናገሩ ይዘው ሄዱ። ሐሳቡ ተንኮል ነው። ሁለቱም ሰርቬየር አጠገብ ይቆማሉ፣ ታይመሯ ታነሳቸዋለች፣ ፎቶው ምድር ይደርሳል። ጋዜጣ ያትመዋል። ቆይቶ አንዱ፣ «ቆይ እንጂ፣ ይሄን ፎቶ ማን አነሳው?» ይላል።

ሰርቬየር ጋ ደረሱ። ታይመሯ የመሣሪያ መያዣው ከረጢት ውስጥ ነበረች። ከረጢቱ ደግሞ እስከዚያ በለቀሙት ድንጋይና በአቧራ ተሞልቷል። የለበሱት ጓንት በአየር የተወጠረ ነው፤ ጣት እንደልብ አያጥፍም፣ የነኩትንም አያሳውቅም። ከረጢቱን ፈተሹ። የለችም። ሬዲዮው ክፍት ነው፣ ሂዩስተን ይሰማል፤ «ታይመሯ የት ገባች?» ብሎ መጠያየቅ ምስጢሩን ማውጣት ነው። እያንዳንዷ ደቂቃ ደግሞ ሥራ ተመድቦባታል። ተዉት። ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ማረፊያ መንኮራኩራቸው ከተመለሱ በኋላ ታይመሯ ተገኘች። ጊዜው አልፏል።

ይሄን ሳነብ ሳቅኩ። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ያ ፎቶ ቢነሳ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ቀልድ ይሆን ነበር። ሰው ለሳምንት ይስቅበታል፣ ናሳ ይቆጣል፣ ያልፋል። ሳይነሳ ሲቀር ነው ትልቅ የሆነው። ቢን በስተርጅናው ያንን ፎቶ በቀለም ሠራው። ሁለቱም ሰርቬየር አጠገብ ቆመው። የተሳካ ቀልድን ሠላሳ ዓመት ተሸክሞ የሚዞር ሰው የለም።

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ቢን ግን አይቷል። የጎደለው ማስረጃም አልነበረም፤ ድንጋዩ አለ፣ ሌላ ብዙ ፎቶ አለ። የጎደለው አብሮ መሆናቸው ነው። እያንዳንዱ ፎቶ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ቆሟል። ለአብሮነት የሚቀርበው ፎቶ ኮንራድ ያነሳው ነው። ቢን የአፈር ናሙና የያዘ ዕቃ አንስቶ ቆሟል፤ የራስ ቁሩ መስታወት ላይ ደግሞ ኮንራድ በትንሹ ይታያል፣ ካሜራውን ደረቱ ላይ አስሮ። ይሄን ፎቶ ሳትደርሱበት አትቀሩም፤ በጣም የታወቀ ነው። እኔ ግን ሁሌ መጀመሪያ የማየው መስታወቱን ነው። ጨረቃ ላይ አብረው ከታዩባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዷ እሷ ናት፤ ያውም አንዱ በሌላው ፊት ላይ።

ሌላም የሚያስቅ ነገር አለ። ከሰርቬየር ላይ ቆርጠው ወደ ምድር ካመጧቸው ዕቃዎች ዋናው የሰርቬየር ካሜራ ነው። ፎቶ ሳይነሱ ከቀሩበት ቦታ ካሜራ ይዘው ተመለሱ።

## ሳይቸግር ጤፍ ብድር

በ1973 ቢን ድጋሚ ወደ ሕዋ ሄደ። ስካይላብ የተባለው ጣቢያ ላይ አለቃ ሆኖ ከጃክ ሉስማና ከኦወን ጋሪዮት ጋር 59 ቀን ቆየ። ከዚያ አዳዲስ ጠፈርተኞችን ያሰለጥን ነበር። የጠፈር መንኮራኩር ሹትል ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው በአፕሪል 1981 ነው። የመብረር ወረፋ ይመጣል የሚባልበት ጊዜ ነበር። ቢን በዚያው ዓመት በጁን ወር ሥራውን ለቀቀ። 49 ዓመቱ ነው። ሥዕል ልሠራ ነው አለ።

እኛ ጋ ቢሆን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይባል ነበር። እዚያም ያሉት ሰዎች ያሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም። የዕድሜ ቀውስ የመሰላቸው የሥራ ባልደረቦች ነበሩ።

እኔ «ሕልምህን ተከተል» የሚሉ ታሪኮችን አልወድም። መድረክ ላይ የሚወራው ሁሉ እሱ ሆኗል፤ ቤት ኪራይ የሚባል ነገር ያለ አይመስልም። የቢን ምክንያት ግን ከሕልም ይልቅ ሒሳብ ይመስላል። የሚለው ይሄንን ነበር፦ ሹትሏን የሚያበሩ ወጣቶች አሉ፤ ከእኔ ባይበልጡ እንኳ አያንሱም። ሌላ ዓለም ረግጦ መጥቶ ያየውን የሚስል ግን ከእኔ ሌላ የለም። እኔ ካልሠራሁት ሳይሠራ ይቀራል። ደግሞ ድንገት የተነሳ አይደለም። ብሩሽ ከያዘ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር። ከባህር ኃይሉም በ1975 ጡረታ ወጥቷል።

ካሜራው ባይቃጠል፣ ታይመሯ ብትገኝ፣ ፊልሞቹ ባይረሱ ኖሮ ሠዓሊ ይሆን ነበር ወይ ብዬ አስባለሁ። ይሆን ነበር መሰለኝ፤ ከጉዞው በፊትም ይስል ነበርና። ግን ምን ይስል ነበር? ይሄ የእኔ ግምት ነው። ፎቶ ያላት ጨረቃ ቢን አያስፈልጋትም ነበር።

## ግራጫ

ጨረቃ ግራጫ ናት። ሰማዩ ጥቁር፣ መሬቱ ግራጫ፣ ሰዎቹ ነጭ። ለሠዓሊ ይሄ ቅጣት ነው። ቢን መጀመሪያ ላይ ያየውን ያህል ግራጫ አድርጎ ሊስላት ሞክሮ ነበር። የፈረንሳዩን ሠዓሊ ሞኔን የሚወድ ሰው ግን በግራጫ ብዙ አይቆይም። ቀስ በቀስ ወይን ጠጅ፣ ሮዝ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ አስገባባት። ሲጠይቁት የሚሰጠው መልስ፣ ሳይንቲስት ብሆን ግራጫ አደርጋት ነበር፣ ሠዓሊ ስለሆንኩ ግን ቀለም መጨመር እችላለሁ የሚል ነበር።

ቀለሙ ላይ እንዲህ ነፃ የሆነ ሰው ሌላው ላይ ግን ቁጥብ ነው። የልብሱ ቱቦ በየትኛው በኩል እንደሚገባ፣ የትኛው መሣሪያ በየትኛው ቀን እንደተያዘ፣ ፀሐይዋ በስንት ከፍታ ላይ እንደነበረች ያጣራል። ያንን ማዞሪያ ያልረሳው ጭንቅላት አሁንም አለ። ልጨምር ባለው ነገር ይጨምራል፣ በቀረው አይቀልድም። እኔ ሟቹን አባት ሳቆም የጥላውን አቅጣጫ እንደተጨነቅኩበት ዓይነት ጭንቀት ነው፤ እዚህ ላይ ወንድሜ መሰለኝ።

አሁን ደግሞ የማይመቸኝ ነገር። ቢን ሸራ ሳይሆን ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ነበር የሚሠራው። መጀመሪያ ወፍራም ልባስ ይቀባል። ከዚያ ጨረቃ ላይ በሠራበት መዶሻ ልባሱን ይመታዋል፣ በጨረቃ ጫማ ቅርጽ ይረግጠዋል። ከለበሰው የጠፈር ልብስ ላይ የተነሱትን አርማዎች ናሳ ሰጥቶት ነበር። እነሱን እየቆራረጠ ቅንጣት ቅንጣቱን ሥዕሉ ውስጥ ይከታል። አርማዎቹ የጨረቃ አቧራ ነክቷቸዋል። ስለዚህ የቢንን ሥዕል የገዛ ሰው ግድግዳው ላይ ጥቂት የጨረቃ አቧራ አለው።

ነጋዴነቱን አደንቃለሁ። ግን ይሄ አቧራ የእኔዋ ቀን አይደለም ወይ? ያልሆነ ነገር የሚስል እጅ እውነተኛ አቧራ ያስገባል። ያልነበሩ አባት ያቆመ እጅ ትክክለኛ ቀን ይጽፋል። ሁለቱም «ይሄ ሆኗል» የሚል ማህተም ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ነገሩ ያለው ምስሉ ላይ ሳይሆን ማህተሙ ላይ ነው።

እንዲህ ብዬ ልዘጋው ነበር። ግን አንድ ልዩነት አለ። የቢን ሥዕል ሥዕል መሆኑን አይደብቅም። የብሩሹ መንገድ ይታያል፣ የመዶሻው ጉድጓድ ይታያል፣ ስሙ ከታች አለ። ዋሽንግተን ያለው ብሔራዊ የአየርና የሕዋ ሙዚየም በ2009 ሥራዎቹን ሲያሳይ የሠዓሊ ሥራ ብሎ ነው ያሳየው (ዲሲ ያላችሁ ቦታውን ታውቁታላችሁ)። ማንም እንደ ፎቶ አላየውም። የእኔ ሥራ ጥሩ የሚባለው ግን እንዳልተነካ ሲመስል ነው። እናትየዋ የከፈሉኝ እጄ እንዳይታይ ነው። ያቺ ቀን የከበደችኝ ለዚህ ይመስለኛል። ሌላው ሁሉ ዱካ የለውም። ቀኑ ግን በእጅ የሚጻፍ ነው፤ እኔ እዚያ እንደነበርኩ ያሳብቃል።

ለሥራ ባልደረባዬ ይሄን ነገርኩት። «እንግዲያው በኋላ ለምንጨምራቸው ሰዎች ጥላ አንጣልላቸው» አለ። የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅ አያስተውለውም። መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ደንበኛ «ሥራህ ጎደሎ ነው» ሲለኝ ግን ማን ይመልስልኛል?

## ጎርደን

ስለ ሦስተኛው ሰው እስካሁን ዝም ብያለሁ። ሪቻርድ ጎርደን ነው። ኮንራድና ቢን ታች ሲሯሯጡ እሱ ብቻውን ከላይ ሲዞር ነበር። ሁለቱ 31 ሰዓት ተኩል ያህል ጨረቃ ላይ ቆይተዋል፤ ከልብሳቸው ጋር ወጥተው የሠሩት በሁለት ዙር 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ነው። ጎርደን ይሄን ሁሉ ጊዜ መንኮራኩሯን ጠብቋል። እሱ ባይኖር አይመለሱም።

ተራው ሊደርሰውም ነበር። በወረፋው መሠረት የአፖሎ 18 አለቃ ሆኖ የሚወርደው እሱ ነበር። በሴፕቴምበር 1970 ጉዞው በበጀት ምክንያት ተሰረዘ። ጎርደን በ1972 ከናሳ ወጥቶ የአሜሪካ እግር ኳስ ክለብ አስተዳዳሪ ሆነ፤ የኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ። ጨረቃን በቅርብ ርቀት ዞሮ ዞሮ ሳይረግጣት ቀረ። ኮንራድ በ1999 በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ። ጎርደን በ2017 አረፈ። ቢን በሜይ 2018 ተከተላቸው፤ 86 ዓመቱ ነበር።

ሦስቱ ከብዙ ጠፈርተኞች በተለየ እስከ መጨረሻው ጓደኛሞች ነበሩ። ቢን ጎርደንን ጨረቃ ላይ ያቆመው ይሄንን ይዞ ነው። ናሳ የሰረዘውን ጉዞ በብሩሽ ሰጠው ብል ማጋነን ይመስላል፤ እኔም አላምንበትም። ጎርደን አልረገጠም። ሥዕሉ ይሄን አይለውጠውም። ግን የአፖሎ 12 ጉዞ የሦስት ሰው ጉዞ ነበር፤ የትኛውም ፎቶ ደግሞ ጨረቃ ላይ ሦስቱን አያሳይም። ፎቶዎቹ ሁሉ እውነት ናቸው፣ ሁሉም አንድ ሰው ይጎድላቸዋል።

የእናትየዋም ፎቶ እንዲሁ ነው። ዋናው የምርቃት ፎቶ በቀኝ በኩል ባዶ ነው፤ እውነት ነው። ግን ልጁን አሳድጎ ለዚያ ቀን ያደረሰውን አባት አያሳይም። እሳቸው ሳሎናቸው ውስጥ የሰቀሉትን የሚያዩት ቤተሰብ፣ ጎረቤትና ዕድርተኛ ናቸው። ሁሉም ለቅሶ ደርሰዋል። ሰውዬው መቼ እንደሞቱ የማያውቅ እዚያ ቤት አይገባም። ስለዚህ ቀኑን አልፍቀውም፤ ነገ ቢመጡም እጽፍላቸዋለሁ።

የቢንም ሦስት ሰዎች እንዲሁ ናቸው። የጎርደን ልጆች ቤት ቢሰቀሉ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ መጽሐፍ ላይ «ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ» ተብለው ታትመው ካየኋቸው ግን ለአሳታሚው ደብዳቤ እጽፋለሁ።